የሳይንስ ክፍል ይንጫጫ፦ በሰሜን ሸዋ ትምህርትን ለምትመሩ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልን የትምህርት ኃላፊዎች፣ የወረዳ ባለሙያዎች፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ወላጆችም ካነበባችሁት እናንተም። እኔ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ መምህር ሲጎድል ጄኔራል ሳይንስም እይዛለሁ፣ ቆላውንም ደጋውንም አይቼዋለሁ። ስለ ደሞዝና ስለ ዝውውር ሌሎች ጓደኞቼ በደንብ ጽፈዋል፣ እኔ ዛሬ የመጣሁት በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው እሱም ሳይንስን በጨዋታ ስለማስተማር ነው።

ነገሩን ሳላዞር ልናገረው። በጨዋታ የተሰጠ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደ ትምህርት ይቆጠርልን። በብዙ ቦታ ለክፍል ምልከታ የሚመጣ ሰው ተማሪው ረድፉን ይዞ ተቀምጦ፣ ቦርዱ ሞልቶ፣ ኖቱ ተገልብጦ ካገኘ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ተማሪው ተነስቶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጠጠር እየቆጠረ እርስ በርሱ እየተከራከረ ካገኘ ደግሞ የክፍል አያያዝ ዝቅተኛ ብሎ ይጽፋል። መምህር ደግሞ ሰው ነው፣ አንዴ ዝቅተኛ ከተጻፈበት በኋላ ሁለተኛ አይሞክራትም፣ ኤፊሸንሲው (የስራ አፈጻጸም ውጤቱ) ላይ ትመጣለች፣ ስለዚ ቾኩን ይዞ ወደ ቦርዱ ይመለሳል።

ይሄን ከሜዳ ተነስቼ አይደለም የምለው። አንድ በጣም ጎበዝ ጓደኛ አለኝ፣ የት ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም ማንንም ማስነወር አልፈልግም፣ መስከረም ላይ የድምጽን ምዕራፍ በጅራፍ ጀመረው። የቡሄ ጅራፍ። ልጆቹ ነሐሴን ሙሉ ሲያጮሁት ከርመው ነው የመጡት። ሜዳ አወጣቸውና ግማሹን እዚህ ግማሹን ማዶ አቆማቸው፣ አንዱ ጅራፉን ያጮኸዋል፣ ማዶ ያሉት እጁ ሲወርድ ካዩበት ቅጽበት ጀምረው ድምጹ እስኪደርሳቸው በስልክ ሰዓት ይይዛሉ፣ ከዛ እያንዳንዱ ቡድን በመሃላችን ስንት ሜትር አለ ብሎ ያሰላል፣ መጨረሻ ላይ በገመድ ይለካል፣ የቀረበው ቡድን ያሸንፋል። ድምጽ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ነው የሚሄደው፣ ስለዚ አንድ ሰከንድ ከዘገየ 340 ሜትር ግድም ርቀት አለ ማለት ነው። እና የአንዱ ቡድን ሰዓት 0.8 የሌላው 1.2 ሲል ማነው ልክ ብለው ተጣሉ፣ ተጣልተው ተጣልተው እንደገና እንልካ አሉ፣ እንደገና ለክተው አማካይ ይወሰድ አሉ፣ ሲያስቡት ደግሞ የእጃችን መዘግየትም አለበት እኮ አለች አንዷ። የልኬት ስህተት የሚባለውን ነገር፣ እኔ ስንት ጊዜ ቦርድ ላይ ጽፌ ማንም ልብ ያላለውን፣ እዛች ሜዳ ላይ ራሳቸው አገኙት።

ከዛ ደግሞ ትልቁን ጥያቄ ጠየቃቸው፣ ጅራፍ ለምን ይጮኻል? ምንም ነገር አይመታም እኮ፣ አየር ላይ ነው የሚጮኸው። መልሱ ሲሰማ ይገርማል፣ ጅራፉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ጫፉ ላይ ከድምጽ ፍጥነት ያልፋል፣ ያ ጩኸት የጦር ጄት ከድምጽ ቀድሞ ሲበር የሚሰማው ፍንዳታ ራሱ ነው፣ በትንሹ። የመንዝና የጣርማበር ልጅ በየዓመቱ የድምጽን ፍጥነት እየሰበረ አድጎ ማንም አልነገረውም ማለት ነው።

በዛው ቀን ነው ምልከታ የመጣው። ተማሪ ሜዳ ላይ ተገኘ፣ ሌሰን ፕላኑ ላይ የተጻፈው ገጽ አልተሸፈነም ተብሎ ተጻፈበት። ጓደኛዬ አሁን ፍጥነት እኩል ይሆናል ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ብሎ ጽፎ፣ ሁለት ምሳሌ ሰርቶ ይወጣል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። በዚህ ጸጥታ ውስጥ ምን ያህል ልጅ እንደጠፋብን ሳስበው ያመኛል፣ እውነቴን ነው።

አሁን ጨዋታ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ፣ ምክንያቱም በዚህ ስም ብዙ ነገር ይደረጋል። ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ጥያቄና መልስ አወዳድሮ ለመለሰ እስክሪብቶ መስጠት ለእኔ ጨዋታ አይደለም፣ ፈተናውን ማሞቅ ነው፣ የሚመልሰውም ያው ሁሌ የሚመልሰው ልጅ ነው። እኔ የምለው የጨዋታው ህግ ራሱ የተፈጥሮ ህግ የሆነበትን ነው። ልጁ ለማሸነፍ ሲል ህጉን ካልተረዳ የማያሸንፍበት።

ገበጣን እንውሰድ። ኬሚስትሪ ላይ ተማሪ የሚሸሸው ኤሌክትሮንን በአቶሙ ዙሪያ ባሉ ዛጎሎች (ንብርብሮች) መደልደልን ነው፣ 2፣ 8፣ 8 ብሎ ይሸመድዳል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይገባውም። መሬት ላይ ሶስት ረድፍ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ የእንቁላል ካርቶን ይበቃል፣ ጠጠር ወይ ሽምብራ ይታደል። የመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ብቻ ይይዛል፣ ቀጣዩ ስምንት፣ ከውስጥ ሳይሞላ ወደ ውጪ አይወጣም፣ የውጪው ረድፍ ስምንት የሞላለት ያርፋል። ሶዲየም የደረሰው ልጅ 11 ጠጠር አለው፣ ሲደለድለው 2፣ 8፣ ከዛ አንዲት ብቻዋን ትቀራለች። ክሎሪን የደረሰው 17 አለው፣ 2፣ 8፣ 7፣ አንዲት ጎደለችው። ከዛ ተነስታችሁ ተገበያዩ ማለት ነው። ማንም ሳይነግራቸው ሶዲየምና ክሎሪን ይፈላለጋሉ። ማግኒዚየም 12 ያለው ልጅ ሁለት ትርፍ ይዞ አንድ ክሎሪን ጋ ሄዶ አንዷን ብቻ ሲያራግፍ ቆሞ ይቀርና ሌላ ክሎሪን ይጎትታል፣ አንድ ማግኒዚየም ለምን ሁለት ክሎሪን እንደሚይዝ ያኔ ይገባዋል። አርጎን የደረሰው ደግሞ 18 ጠጠሩ 2፣ 8፣ 8 ግጥም ብሎለት ማንንም አይፈልግም፣ ማንም አይፈልገውም፣ ቁጭ ብሎ ያያል፣ እኔ አልተጫወትኩም ብሎ ሲያማርር ክፍሉ ሁሉ ኢነርት ጋዝ የሚባለው ይሄ ነው ይለዋል። መምህሩ ግን አንድ ነገር መናገር አለበት፣ ይሄ አደላደል የሚሰራው እስከ 20ኛው ኤለመንት እስከ ካልሲየም ድረስ ነው፣ ከዛ በኋላ ህጉ ይለወጣል። ጨዋታው የት ላይ እንደሚያበቃ መናገርም ሳይንስ ነው።

ጨውን ካነሳን አይቀር፣ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ላይ የነበረው ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨው ከቆላ እየመጣ የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። የአንኮበር ተማሪ ሶዲየም ክሎራይድን ሲማር ቅድመ አያቶቹ በገንዘብነት የተገበያዩበትን ነገር እየተማረ እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገረው ምን ይጎዳል።

ሌላው የሚቆጨኝ ነገር አገራችን ራሷ ላብ መሆኗ ነው። ላብራቶሪ የለንም እንላለን፣ እውነት ነው ብዙ ቦታ የለንም፣ ያለውም ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል። ግን ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ጣርማበር ከ3000 ያልፋል። በዓለም ላይ ስንት ትምህርት ቤት ነው በአንድ ቀን ሚኒባስ ደርሶ መልስ እንዲህ ያለ የከፍታ ልዩነት ያለው? ከጣርማበር ላይ ባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ለረዳት ሰጥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት መላክ ነው። ከመላኩ በፊት ልጆቹ ይገምታሉ፣ ይነፋል፣ ይጨማደዳል፣ ወይስ ምንም አይሆንም? አንዱ የሌላውን እንዳያይ በጣት ደረት ላይ ድምጽ ይሰጣሉ፣ አንድ ጣት ሁለት ጣት ሶስት ጣት። ከዛ ከጎንህ ካለው የተለየ መልስ ያለውን አሳምነው ይባላል፣ ከክርክሩ በኋላ እንደገና ድምጽ። ይሄ አካሄድ የእኔ ፈጠራ አይደለም፣ ሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሰራበት ነው፣ እዛ በኤሌክትሮኒክ መምረጫ ነው የሚያደርጉት፣ እኛ ጣት አለን።

ጠርሙሱ ተጨማዶ ይደርሳል። ታች ያለው የአየር ግፊት ከላዩ ይበልጣላ። ግን ጎበዝ ልጅ ይነሳና ቲቸር ቆላ ሲወርድ ይሞቃል እኮ፣ ሲሞቅ አየሩ መስፋት የለበትም ወይ ይላል። ልክ ነው! ሙቀቱ ወደ ማስፋት ይጎትታል፣ ግፊቱ ወደ ማጨማደድ ይጎትታል፣ እዚህ ጋ ግፊቱ ስለሚበልጥ ነው የሚጨማደደው። በምን ያህል ይበልጣል? በሉ አስሉት። የጋዝ ህግ የሚባለው ሙሉ ምዕራፍ እዚች ጠርሙስ ውስጥ አለ፣ ወጪው ደግሞ ረዳቱን እባክህ ማለት ብቻ ነው። በዛው ላይ አንድ የሸዋ ሮቢትና አንድ የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ውሃ ያፍሉና በቴርሞሜትር ይለኩ፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደብረ ብርሃን 90 ወይ 91 ላይ። በስልክ ቁጥራቸውን ይለዋወጡ፣ ከሁለቱ ቁጥር ተነስታችሁ ጣርማበር ላይ በስንት ይፈላል ብለው ይወራረዱ። ደጋ ላይ ባቄላ ንፍሮ ለምን ብዙ እንጨት እንደሚበላ እናቶቻችን በእድሜያቸው ሙሉ የሚያውቁት ነገር ነው፣ ልጆቻቸው ግን ምክንያቱን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ።

የጓሳው ጨዋታ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፣ ጓሳ ማለት መንዝ ውስጥ ማህበረሰቡ ሲጠብቀው የኖረ የደጋ ሳር መሬት ነው። አምስት አምስት ልጅ በቡድን ይቀመጣል፣ መሃል ላይ 20 ባቄላ ይደረጋል፣ ይሄ የጓሳ ሳር ነው። በየዙሩ እያንዳንዱ ልጅ ከዜሮ እስከ አራት የፈለገውን ያህል ያጭዳል፣ ዙሩ ሲያልቅ የቀረው በእጥፍ ይበቅላል፣ ከ20 ግን አያልፍም። ብዙ ያጨደ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ጊዜ መነጋገር ክልክል ነው። ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ሁሉም ይስገበገብና በአንደኛው ወይ በሁለተኛው ዙር ሜዳው ባዶ ይሆናል፣ ጨዋታው ያልቃል፣ ይናደዳሉ። ከዛ አሁን ተነጋገሩ ይባላሉ። ያኔ ህግ ያወጣሉ፣ ለየሰው ሁለት ሁለት፣ አስሩ ይቀራል፣ ተመልሶ ሃያ ይሆናል፣ እንዲህ እያለ ሳያልቅ ይሄዳል። ኧረ እኔ ዘንድሮ ልዝለል ባይ ሁሉ ይመጣል። ሌባም ይመጣል፣ ለሌባው ቅጣት ያወጣሉ። ሲጨርሱ ከመንዝ አንድ ሽማግሌ ክፍል ገብተው አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሳር እንዴት እየዘጉና እየከፈቱ እንዳቆዩት ቢያጫውቷቸው፣ ልጆቹ በ40 ደቂቃ ያወጡት ህግ አያቶቻቸው ያወጡት እንደሆነ ያያሉ። በዛው ዛሬ በዓለም ላይ ወደ 500 ገደማ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ እዚሁ መንዝ ጓሳ ላይ የሆነው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ይገባቸዋል፣ ሳሩ ስለተጠበቀ አይጡ አለ፣ አይጡ ስላለ ቀበሮው አለ። ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ሌላ አገር ያለ አንበሳና የሜዳ አህያ ተስሎ የምግብ ሰንሰለት ከሚሸመደድ ይሄ አይሻልም?

ትናንሾቹን በአጭሩ ልለፍ። እርድ የነካው ወረቀት ሳሙና ወይ የአመድ ውሃ ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ቢጫው ይመለሳል፣ አሲድና ቤዝን የምስጢር ደብዳቤ ጨዋታ አድርጎ ማስተማር ይቻላል፣ እናቶች ወጥ የነካው ነጠላ ሲታጠብ ለምን እንደሚቀላ በዛው ይመለሳል። መቶ ሳንቲም በትኖ ዘውድ የሆኑትን እያወጡ የቀሩትን እንደገና እየበተኑ መቁጠር የሃፍ ላይፍ (ራዲዮአክቲቭ ነገር በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀው ጊዜ) ትምህርት ነው፣ በየዙሩ ግማሽ ግማሽ ይቀራል። ሳንቲም ከጠፋ በቆርኪ ይሰራል፣ ቆርኪ ግን እንደ ሳንቲም ግማሽ በግማሽ ስለማይወድቅ ስንት በመቶው በጀርባው እንደሚወድቅ መጀመሪያ ራሳቸው ቆጥረው ያግኙት። እንቆቅልሽም አለን። ለክለሳ ጊዜ ተማሪው ራሱ ከምዕራፉ እንቆቅልሽ ሰርቶ ይምጣ፣ እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ፣ "አንዱ ይነድዳል፣ አንዱ ያነድዳል፣ ሲጋቡ እሳት ያጠፋሉ"፣ ያላወቀ አገር ይስጥ። ሃይድሮጂን፣ ኦክስጅን፣ ውሃ። ይሄን መስራት ከመመለስ ይከብዳል፣ ያልገባው ሰው አይሰራውም።

አሁን ወደሚነሱብኝ ጥያቄዎች ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ፈተናስ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር፣ በአገር ደረጃ ማለቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት የተፈተኑት ልጆች በብዛት የተማሩት በምን ነበር? ኖት በመገልበጥ። በጨዋታ ስለተማሩ የወደቁ የሉም። እኔ ጨዋታ ብቻውን ይሄን ቁጥር ይለውጣል አልልም፣ መጽሐፍ የለም፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ነገር አለ። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 225 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትልቅ ስራ ታትሞ ነበር፣ መምህር ቆሞ ብቻ በሚናገርበት የሳይንስና የሂሳብ ትምህርት የሚወድቀው ተማሪ 34 በመቶ ግድም፣ ተማሪው በሚሳተፍበት ደግሞ 22 በመቶ ግድም ሆኖ ነው የተገኘው። ጥናቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው፣ እሱን ልደብቅ አልፈልግም፣ ግን የ20 ዓመት ሰው ዝም ብሎ በመስማት ብቻ የማይማር ከሆነ የ13 ዓመት ልጅ እንዴት ይማራል?

ሁለተኛው ጨዋታ የህጻን ነው የሚለው ነው። ፎልዲት የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት፣ ተጫዋቹ የፕሮቲንን ቅርጽ እያጣጠፈ ነጥብ ያገኛል። ሳይንቲስቶች ከአስር ዓመት በላይ ቅርጹን ማግኘት ያቃታቸውን አንድ የቫይረስ ኢንዛይም ተጫዋቾቹ በሳምንታት ውስጥ ፈቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የሙያው ሰዎች እንኳን አልነበሩም።

ሶስተኛው ቴክኖሎጂ ሲመጣ እንጀምራለን የሚለው ነው፣ ታብሌት ሲመጣ፣ ስማርት ክላስ ሲመጣ። ፕላዝማውን እኮ አይተነዋል። ከ1997 አካባቢ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ተተክሎ በሳተላይት ትምህርት ሲመጣ፣ ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ መልሱን ራሱ ይመልስ ነበር፣ ያልገባው ልጅ ቁም ማለት አይችልም፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱም ጠፋ። እቃው አዲስ ነበር፣ ተማሪው ግን ያው ዝም ብሎ ተቀማጭ ነበር። ኮምፒውተር ላላቸው ትምህርት ቤቶች ፌት የሚባሉት ሲሙሌሽኖች አሉ፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመራቸው፣ ነጻ ናቸው፣ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ፣ በፍላሽ ማዳረስ ይቻላል። እሱም ጥሩ ነው። ግን ጠጠርና ቆርኪ ያለው ትምህርት ቤት ታብሌት መጠበቅ የለበትም።

ክፍሉ 60 እና 70 ልጅ ነው የሚለው እውነተኛ ችግር ነው፣ አልክድም። ጓሳውን በአምስት አምስት ሲጫወቱ 70 ልጅ 14 ቡድን ነው፣ መምህር 14 ቡድን ጋ በ40 ደቂቃ አይደርስም። የሚሰራው ነገር ጨዋታውን ያወቁ አስራ አራት ልጆችን ቀድሞ አሰልጥኖ በየቡድኑ ዳኛ ማድረግ ነው፣ እነዚህ ልጆች ደግሞ ሁሌ አንደኛ የሚወጡት ባይሆኑ ይመረጣል። ከኋላ የሚቀመጠውን፣ ብይና ዳማ ላይ ማንም የማይችለውን ልጅ ዳኛ አድርጉትና እዩት። በተለይ ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር ከትምህርት ርቀው ከርመው የተመለሱ ልጆች አሉን፣ ከክፍል ጓደኞቻቸው በዕድሜ የሚበልጡ፣ ያለፈውን ምዕራፍ ያልተማሩ፣ ጥያቄ ሲጠየቁ የሚሸማቀቁ። ገበጣው ላይ እነሱም እኩል ይጀምራሉ፣ ምክንያቱም ህጉ ለሁሉም አዲስ ነው።

ወላጆች ደግሞ፣ እናቴ አባቴ፣ የልጄ ደብተር ባዶ ነው ብላችሁ ትምህርት ቤት ስትመጡ ልክ ናችሁ፣ የምታዩት ደብተሩን ነው። ግን ማታ እሳት ዳር ዛሬ ምን ተጫወታችሁ ብላችሁ ጠይቁት፣ ቀጥሎ ለምን እንደዛ ሆነ በሉት። ማስረዳት ከቻለ ተምሯል፣ ካልቻለ ያኔ መጥታችሁ እኛን ጠይቁን።

ይሄ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ለመምህራንም ይሰራል። ጨዋታ ተጫውቶ ደወል ሲደወል መበተን ትምህርት አይደለም፣ እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ከጨዋታው በፊት ግምት መጻፍ አለበት፣ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ቢያንስ አስር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ መጽሐፉ ምን ይለዋል፣ ጨዋታው ከእውነተኛው ነገር በምን ይለያል የሚለው ተነጋግሮ ሶስት አራት መስመር በራሱ ቃል ደብተሩ ላይ መጻፍ አለበት። ይሄ ከሌለ ተቆጡን፣ ዝቅተኛም ጻፉብን፣ እቀበላለሁ።

ስለዚ የምጠይቀው ይሄን ነው። የምልከታ ቅጹ ላይ ጸጥታን ከመለካት ይልቅ ተማሪው ገምቷል ወይ፣ ተከራክሯል ወይ፣ በመጨረሻ በራሱ ቃል ጽፏል ወይ የሚሉ ነጥቦች ይግቡ። በጨዋታ የተሰጠ ርዕስ ፖርሽን (መሸፈን ያለበት ትምህርት) ሲቆጠር እንደተሸፈነ ይያዝ። ከተከታታይ ምዘናው ላይ ጥቂት ማርክ ለዚህ ይተውልን፣ አስር እንኳን ቢሆን፣ ማርክ የሌለው ነገር ተማሪም መምህርም ዘንድ እንደማይከበር ታውቃላችሁ። የትምህርት ማበልጸጊያ ክፍሎቻችን የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነው የቀሩባቸው ቦታዎች አሉ፣ እነሱ ይከፈቱ፣ በአንድ ክላስተር የተቧደኑ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች የሰሩትን እንዲዋዋሱበት። ለሲፒዲ (ለመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ስንሰበሰብ ሰነድ ከምንሞላ አንዱ መምህር አንድ ጨዋታ አምጥቶ እኛው ተጫውተነው እንተች፣ ተጫውቶ ያላየው መምህር ልጆችን አያጫውትም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አጠገባችን አለ፣ የሳይንስ መምህራኑና ተማሪዎቹ ጨዋታዎቹ ውስጥ ያለው ሳይንስ ስህተት እንዳይኖረው ቢያዩልን ትልቅ ነገር ነው።

በጀት አልጠየቅኩም። ሁሉም ትምህርት ቤት በአንዴ ይጀምር ብዬም አልጠየቅኩም፣ እንዲህ ያለ ዘመቻ መጨረሻው ሪፖርት ብቻ እንደሚሆን ስንት ጊዜ አይተናል። አንድ ቆላ አንድ ደጋ ክላስተር ይመረጥና በአንድ ሴሚስተር ይሞከር፣ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ተመሳሳይ ፈተና ይሰጥ፣ ካልጠቀመ ይቅር። የጨዋታዎቹን ህግ በአማርኛ ጽፈን ለማዘጋጀት እኔና ጓደኞቼ ዝግጁ ነን፣ ኮፒ የሚደረግበት ወረቀት ብቻ ነው የጎደለን። የምልከታ ቅጹ ግን መስከረም ላይ ከመባዛቱ በፊት ክረምቱን ቢታይልን፣ አንዴ ከተባዛ ለዓመቱ አለቀ።

ለምልከታ ስትመጡም ቀድማችሁ መንገር አያስፈልግም፣ በፈለጋችሁት ቀን ኑ፣ አንድ ነገር ብቻ ለምኜ ላብቃ፣ በር ላይ ቆማችሁ ጫጫታውን ሰምታችሁ አትሂዱ፣ ግቡና ሙሉውን 40 ደቂቃ ቆዩ፣ የመጨረሻዋን አስር ደቂቃ በተለይ፣ እሷ ላይ ነው ልጆቹ ለምን እንደዛ እንደሆነ የሚናገሩት።

ከአክብሮት ጋር
ከሰሜን ሸዋ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር